ጥላ ስንለካ የዋልንበት ቀን

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ልጆችን በዕረፍት ጊዜ ደብተር አስይዞ ማስቀመጥ እንደማያዋጣ ግን ከተረዳሁ ሰንበትበት ብያለሁ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት 1 ሜትር የምትረዝም ቀጥ ያለች ዱላ ግቢ ውስጥ ተክለን፣ በየሰዓቱ የጥላዋ ጫፍ ባረፈበት ቦታ ጠጠር እያስቀመጥን ዋልን። ታናሽየው ከጠጠሮቹ ሁለቱን ለኳስ ጨዋታው ስለወሰደብን ልኬታችን ክፍተት እንዳለበት አልደብቅም። ያም ሆኖ ጥላው እስከ እኩለ ቀን ገደማ እያጠረ ሄዶ ከዚያ በኋላ መርዘም ሲጀምር፣ ታላቅየዋ የምትንቀሳቀሰው ፀሐይ ናት ወይስ መሬት ብላ ጠየቀችኝ፤ መሬት በዛቢያዋ ላይ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ እንደምትዞር ስነግራት፣ 360ን ለ24 አካፍላ ፀሐይ በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ያህል የተጓዘች መስላ እንደምትታየን ራሷ ደረሰችበት።

ከሰዓት በኋላ የዱላዋ ጥላ 80 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የዛፉን ጥላ ለካን፤ 4 ሜትር ከ80 ሆነ። የፀሐይ ጨረር በሁለቱም ላይ በእኩል ማዕዘን ስለሚያርፍ፣ ጥላው ስድስት እጥፍ ከሆነ ቁመቱም ስድስት እጥፍ፣ ማለትም 6 ሜትር ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲማሩት የሚያዛጉበት የንጥጥር ሒሳብ ይኸው ነበር። ኤራቶስቴንስ የተባለው የጥንት ሊቅ ከ2,200 ዓመታት በፊት በጥላ ተጠቅሞ የመሬትን ዙሪያ እንዳሰላ ስነግራቸው ታላቅየዋ ለማመን ተቸገረች፤ ታናሽየው ደግሞ ነገ የራሱን ቁመት ከጥላው ሳያሰላ ዱላዋን ማንም እንዳይነቅላት አስጠንቅቆን ተኛ።