«እንዴት አደርሽ» በ11 ንክኪ፦ ሊኑክስ ስልኬን አማርኛ ያስተማርኩበት መንገድ

ትናንት ጠዋት ለእማዬ «እንዴት አደርሽ» የሚል መልእክት ላክሁላት። እሷም እንደ ሁልጊዜው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ መለሰች። ለእሷ ተራ መልእክት ነው። እኔ ግን ስልኩን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። አንድሮይድ በሌለበት ስልክ፣ ፊደል በፊደል ራሴ በደረደርኩት ኪቦርድ የጻፍኩት የመጀመሪያው የጠዋት ሰላምታ ነው። ደግሞም ስልኩ ትልቁን አፕግሬድ ካለፈ ገና አንድ ሌሊቱ ነበር። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም።

ስልኩ ዋንፕላስ 6 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአንድሮይድ 8.1 ጋር ወጣ፣ አንድሮይድ 11 ላይ ሲደርስ ይፋዊ ማሻሻያው ቆመ። ውስጡ ግን ገና ጠንካራ ነው። ፕሮሰሰሩ ስናፕድራገን 845፣ የእኔው ራም ደግሞ 8 ጊጋ ነው። ያገለገለ ገዝቼ በአንድሮይድ ፋንታ ፖስትማርኬትኦኤስ የሚባል፣ ስልክን በሊኑክስ የሚያሠራ ሲስተም ጫንኩበት። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረ፣ አልፓይን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የቆመ ሥራ ነው። ዓላማው አንድ ስልክ አሥር ዓመት እንዲያገለግል ነው። የሳበኝም ይሄ ነው። እኛ ቤት ስልክ አይጣልም፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል እንጂ።

አጫጫኑ ላይ ብዙ አልቆይም። ቡትሎደሩን (ስልኩን የሚያስነሳውን የተቆለፈ ፕሮግራም) መክፈት፣ ዲቲቢኦ የሚባለውን ክፍል ማጥፋት፣ ሁለት ፋይል ፋስትቡት በሚባለው መሣሪያ ከላፕቶፕ ወደ ስልኩ መላክ፣ አለቀ። መጀመሪያ ሲከፈት ፓስወርዱ 147147 ነው። አንድ ነገር ግን አደራ። ፍላሽ ከማድረጋችሁ፣ ማለትም አዲሱን ሲስተም ስልኩ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት፣ የሞደም መረጃ ያለባቸውን ሁለቱን ክፍሎች፣ ሞደም ኤስቲ 1 እና 2ን፣ ኮፒ አድርጋችሁ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጡ። የስልኩ መለያ ቁጥር ያለው እዚያ ነው። እሱ ከጠፋ ሲም የማይቀበል ስልክ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ።

ኔትወርኩ ከጠበቅኩት በላይ ቀና። ኤፒኤን የሚለው፣ የኢንተርኔት መግቢያው ስም የሚሞላበት ቦታ ላይ «ኢቲሲ ነጥብ ኮም» ብዬ ስሞላ ዳታው ገባ። በመደወያው *804# ስል ቀሪ ሂሳቤ መጣ። እውነት ለመናገር ያን ቁጥር ሳይ ነው «ይሄ ስልክ ነው» ያልኩት። ጥሪ ሲመጣ ከ4ጂ ወደ 3ጂ ወርዶ ያነሳል፣ በ4ጂ መደወል እኔ ጋ አልሠራም። እዚህ ብዙም አይጎዳኝም። አሜሪካ ያላችሁ ግን እዚያ ትልልቆቹ ኩባንያዎች 3ጂን እ.ኤ.አ. በ2022 ስለዘጉት ስልኩን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ስልኩን የከፈትኩት ቀን አማርኛ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነበር የሚታየው። ያ ቀላል ነበር። የኖቶ ኢትዮፒክ ፎንት አልፓይን ውስጥ ስላለ በአንድ ትዕዛዝ ገባ። ማንበብ ቻልኩ። መጻፍ ነው ወራት የወሰደው።

እኔ የምጠቀመው ገጽታ ፎሽ ይባላል፣ ፒዩሪዝም የሚባል ኩባንያ ሊብረም 5 ለተባለው ስልኩ ብሎ የጀመረው ነው። ከእሱ ጋር የሚመጣው የስክሪን ኪቦርድ ስኩዊክቦርድ ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት አብዛኛው ሰው የሚያውቀውን መንገድ ነው፣ በላቲን ፊደል እየጻፉ ወደ ፊደላችን ማስቀየር። ለዚያ ኤም 17 ኤን የሚባል ስብስብ አለ፣ በውስጡ የአማርኛ አጻጻፍ አለው፣ አይባስ በሚባል ፕሮግራም በኩል ይሠራል። ላፕቶፔ ላይ የምጽፈው በእሱ ነው። ስልኩ ላይ ግን ሁለት ሳምንት ታገልኩት፣ አልሆነም። ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቶ ነው። እዚህ ስልክ ላይ የጽሑፍ አስገቢነቱን ቦታ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ስኩዊክቦርድ ቦታውን ይዟል። አይባስ ሲገባ ስኩዊክቦርድ ይወጣል፣ ስኩዊክቦርድ ሲመለስ አይባስ ይወጣል። ሁለቱን ላስታርቅ ብዬ ያባከንኩትን ምሽት ብትቆጥሩት ታዝኑልኛላችሁ።

ደግሞ አሁን ሳስበው ባይሆን ይሻላል እላለሁ። በጣት ለሚጻፍ ኪቦርድ የላቲኑ መንገድ ትክክል አይመስለኝም። እማዬ «ሰላም» ለማለት ለምን አምስት የላቲን ፊደል ታስብ? ፊደሉ በዓይኗ ፊት ተደርድሮ ትንካው።

ስለዚህ ስኩዊክቦርድን ራሱን አማርኛ ላስተምረው ተነሳሁ። ደጉ ነገር የራሳችሁን ኪቦርድ ይቀበላል። በሆም ፎልደራችሁ ውስጥ፣ በተደበቀው ሎካል ሥር፣ ሼር፣ ከዚያ ስኩዊክቦርድ፣ ከዚያ ኪቦርድስ የሚል ፎልደር ትፈጥራላችሁ። እዚያ አንድ የያምል ፋይል ታስቀምጣላችሁ። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው። የትኛው ፊደል በየትኛው መስመር እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ቁልፍ ወደ የትኛው ገጽ እንደሚወስድ ይዘረዝራል። በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ሳገናኘው ስልኩ 172.16.42.1 በሚለው አድራሻ ይገኛል፣ በእሱ በኩል ገብቼ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ወጥመድ ስሙ ነበር። ፋይሉ በሁለት የላቲን ፊደል ይሰየማል። እኔ የአማርኛ ቋንቋ ኮድ ነው ብዬ «ኤ ኤም» አልኩት። ምንም የለም። ነገሩን ለማጣራት የዩኤስቢ ኪቦርድ ሰክቼ ያንኑ ኮድ ብመርጥ የአርመን ፊደል ወጣልኝ! ለካ ሊኑክስ ኪቦርድን የሚሰይመው በአገር ኮድ ነው። በአገር ኮድ ኤ ኤም አርሜኒያ ናት፣ የኛ «ኢ ቲ» ነው። እሱ ደግሞ በቋንቋ ኮድ ኢስቶኒያኛ ማለት ነው። ስሙን ቀየርኩ፣ አሁንም የለም። በፋይሉ ውስጥ ክፍተት የሰጠሁት በታብ ነበር፣ ያምል ደግሞ ታብ አይቀበልም። ፋይሉ ሲበላሽ ኪቦርዱ ዝም ብሎ ወደ ላቲኑ ይመለሳል፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አይናገርም። ስኩዊክቦርድን ከተርሚናል አስነሱት፣ የትኛው መስመር ላይ እንደተሰናከለ ይነግራችኋል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ሦስት ቀን ይተርፈኝ ነበር።

የመጀመሪያው ንድፌ እንዲህ ነበር። መነሻው ላይ ከሀ እስከ ፐ 33ቱ ፊደላት ይደረደራሉ። «ለ»ን ስትነኩ ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ ያለበት ገጽ ይከፈታል፣ አንዱን ትመርጣላችሁ፣ ኪቦርዱ ራሱ ወደ መነሻው ይመለሳል። የእንግሊዝኛው ሺፍት አንድ ትልቅ ፊደል አስጽፎ እንደሚመለሰው ማለት ነው። ስለዚህ 33 ገጽ ጻፍኩ። ለእያንዳንዱ ገጽ ሰባት ቁልፍ። ሲያልቅ ኩራቴ ሌላ ነበር።

ይሄን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። ፖስትማርኬትኦኤስን ከስሪት 24.06 ወደ 24.12 ላሻሽል ምሽት ላይ አፕግሬዱን ጀመርኩ። መሀል ላይ መብራት ሄደ፣ ራውተሩ ጠፋ፣ ማውረዱ ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ መደረግ የነበረበት ስልኩን ሳይነኩ ኢንተርኔት እስኪመለስ መጠበቅ ወይም በሲም ዳታ መቀጠል ነበር። እኔ ቸኩዬ ሪስታርት አደረግኩት። ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሎጎው ላይ ቀረ። የበለጠ የሚያውቅ ሰው ያድነው ይሆናል። እኔ እንደገና ፍላሽ ከማድረግ ሌላ አልታየኝም። የኪቦርዱ ፋይል ሌላ ቦታ ኮፒ አልነበረውም። 33ቱ ገጽ አብሮ ሄደ።

አንድ ሳምንት ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አስጠልቶኝ ነበር።

ስመለስ ግን ያንኑ መድገም አላሰኘኝም። ወረቀት አወጣሁና በብዛት የምጽፈውን መቁጠር ጀመርኩ። «እንዴት አደርሽ»ን ውሰዱት። ክፍተቱን ሳንቆጥር ስምንት ፊደል ነው። ከእነዚህ ውስጥ እ፣ ን፣ ት፣ ር፣ ሽ ሳድስ ናቸው። አምስቱ! በአሮጌው ንድፌ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ንክኪ ስለሚፈልግ በጠቅላላው 16 ነበር። መነሻው ገጽ ከግዕዙ ይልቅ ሳድሱ ቢሆንስ? አምስቱ ሳድሶች በአንድ በአንድ ንክኪ ይጻፋሉ፣ ሦስቱ በሁለት በሁለት። 11 ንክኪ። ሌሎች መልእክቶቼን ስቆጥርም ሳድሱ በየቦታው ነው።

ስለዚህ አዲሱ ኪቦርድ ሲከፈት ህ፣ ል፣ ሕ፣ ም እያለ ይጀምራል። ከሥሩ ኧ ኡ ኢ ኣ ኤ ኦ የሚሉ ስድስት ቁልፎች አሉ። «ዴ» ለመጻፍ መጀመሪያ «ኤ»ን፣ ቀጥሎ ድ ያለበትን ቦታ ነው የምትነኩት። «ኤ»ን እንደነካችሁ ቁልፎቹ ሁሉ ወደ ኃምስ ይቀየራሉ፣ ድ የነበረው ዴ ይሆናል፣ ተነክቶ ሲያበቃ ወደ ሳድሱ ይመለሳል። 33 ገጽ የነበረው ሰባት ገጽ ሆነ። የእያንዳንዱ ፊደል ቦታም በሰባቱም ገጽ ላይ አንድ ነው፣ ጣት ቶሎ ይለምደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ድምፁን ከፊደሉ በፊት መምረጥ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ስናስብ «ደ»ን ነው ቀድመን የምናስበው። ለሁለት ሳምንት ያህል እየተሳሳትኩ ነው የጻፍኩት፣ ልተወውም ነበር። አሁን ሳላስበው ይሄዳል፣ ግን ለማንም «ወዲያው ትለምዱታላችሁ» ብዬ አልዋሽም።

ሰው ደጋግሞ የሚመክረኝ ደግሞ «ሞክሼዎቹን አውጣቸው፣ ቦታ ታተርፋለህ» ነው። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ይውጡ ማለታቸው ነው። እውነት ነው፣ ቁልፎቹ ይሰፉ ነበር። አሁን ጠበብ ብለዋል፣ ወፍራም ጣት ያለው ይቸገራል። ግን አላወጣቸውም። ዓለም፣ ንጉሥ፣ ፀሐይ ብሎ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ኪቦርዱ ሊከለክለው አይገባም። በዚህ ጉዳይ ላይ ሐሳቤን የምቀይር አይመስለኝም።

አፕግሬዱን በተመለከተ፣ ወደ 25.06 የተሻገርኩት በዚህ ሳምንት ነው። ብዙዎቻችሁ ከወራት በፊት አድርጋችሁታል፣ እኔ ፈርቼ ነው የቆየሁት። በዚህኛው ጊዜ ያደረግኩት፦ የኪቦርዱን ፋይልና ሆም ፎልደሩን በሙሉ ላፕቶፕ ላይ ኮፒ አደረግኩ። ቻርጀር ሰካሁ። ስክሪኑ ሲጠፋ ስልኩ እንዳያንቀላፋ ከሴቲንግ ውስጥ አጠፋሁት፣ ምክንያቱም ካንቀላፋ ማውረዱም ይቆማል። ራውተሩን ትቼ ከወንድሜ ስልክ ሆትስፖት ወሰድኩ፣ መብራት ቢሄድም እንዳይቋረጥ። ከዚያ የአፕግሬድ ስክሪፕቱን አስነሳሁ። አንድ ስሪት ብቻ ነው የተሻገርኩት፣ ሁለት ስሪት በአንድ ጊዜ አትሻገሩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሬ 4 ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ሲነሳ ሲሙ አለ፣ ዋይፋዩ አለ። ሴቲንግ ሳልነካ መልእክት መጻፊያውን ከፈትኩ። ህ፣ ል፣ ሕ፣ ም ብሎ ኪቦርዱ ብቅ ሲል እጄን አጨበጨብኩ።

ሁሉም ሞልቷል ማለቴ አይደለም። ካሜራው እኔ ጋ ለፎቶ አይሆንም። የባንክ አፕ ስለማይሠራልኝ ሌላ አንድሮይድ ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ሙሉ በሙሉ ሊኑክስ ላይ ነኝ የምልበት ቀን ገና ነው።

ኪቦርዱም ቢሆን አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለው። እነ ቋ፣ ጓ፣ ኳ፣ ሟ የቁጥሩ ገጽ ላይ ናቸው፣ ያ ገጽ ደግሞ ራሱ አይመለስም። «ቋንቋ» ለመጻፍ ወደ ገጹ መሄድ፣ ቋ፣ መመለስ፣ ን፣ እንደገና መሄድ፣ ቋ፣ መመለስ ነው። ለሦስት ፊደል ሰባት ንክኪ። ዛሬ ማታ ከኦ ቀጥሎ «ኧዋ» የሚል ሰባተኛ ቁልፍ ልጨምርበት ነው፣ እንደ ሌሎቹ ራሱ የሚመለስ። ከሆነልኝ አምስት ይሆናል። የታችኛው መስመር ከአሁኑም ይጠባል፣ ስለዚህ ነጠላ ሰረዙን ወይም አራት ነጥቡን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር አለብኝ። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ታነሱ ነበር?