ለቅሶውና ፈተናው

እሁድ ማታ፣ ኤድመንተን፣ ካናዳ

ዛሬ ፈረቃችን አልቆ እንኳ ከባልደረባዬ ጋር መኪና ውስጥ ብዙ ቆየን። የምንሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው። እሷ ክሪ ናት፣ ከካናዳ ነባር ሕዝቦች አንዱ፤ ሳድል ሌክ የሚባለው የክሪ ማኅበረሰብ ልጅ። ቅዳሜና እሁድ እዚህ ትሠራለች። ሰኞ ማለዳ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነድታ ትምህርቷ ላይ ትገኛለች።

ከዚህ በፊት ያልነገረችኝን ነገር ዛሬ ነገረችኝ። ከዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ አንድ ትልቅ ኮሌጅ ገብታ ነበር። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ኮኩሟ አረፈች። ኮኩም አያት ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር የአያቷ እህት ናት፤ በክሪ ግን የአያት እህትም አያት ናት። ቀብሩ ከፈተናው ቀን ጋር ገጠመ። ቢሮ ሄዳ ብታስፈቅድ «የቅርብ ቤተሰብ ናት?» አሏት። ፎርሙ ላይ የአያት እህት የሚል ቦታ አልነበረም። ሄዳ ቀበረች። ስትመለስ ዜሮ ጠበቃት። ትምህርቱም በዚያው ቀረ።

ሆዴ ተላወሰ። እኛ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን። የእናቴን የአጎት ልጅ እድሜዬን ሙሉ «እትዬ» እያልኩ አድጌያለሁ። እሷ ብታርፍ እኔስ ምን ብዬ ነበር የምሞላው?

አሁን የምትማረው ብሉ ኩዊልስ ነው፣ ሴንት ፖል ከተማ አጠገብ። የጡብ ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተወስደው የሚያድሩበት ትምህርት ቤት ነበር። ዓላማው ልጆቹ ቋንቋቸውንና ማንነታቸውን እንዲተዉ ማድረግ ነበር። በመላው ካናዳ ወደ 150,000 የሚጠጉ ልጆች በእንዲህ ዓይነት ቤቶች አልፈዋል። በ1970 ሐምሌ ላይ መንግሥት ቤቱን ሊዘጋው ሲል ወላጆች ገብተው ተቀመጡ፤ «እኛው እናስተዳድረዋለን» አሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ አልተነሡም። በመጨረሻ መንግሥት ተስማማ። በካናዳ የነባር ሕዝቦች ራሳቸው ያስተዳደሩት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ይኸው ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ባለቤቶቹ ሰባት የክሪና የዴኔ ማኅበረሰቦች ናቸው።

ወላጆቹ ያንን ግድግዳ ሊያፈርሱት ይችሉ ነበር። ቢያፈርሱት ማን ይፈርድባቸው ነበር? ማፍረሱን ትተው ልጆቻቸውን አስተማሩበት። ይህን ማሰብ አላቆምኩም።

አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ፤ ያሳፍረኛል ግን እውነት ነው። እዚህ አገር ስመጣ «ለነባር ሕዝቦቹ እኮ ትምህርት በነፃ ነው» ሲባል ሰምቼ አምኜ ነበር። ለሌላ ሰውም ተናግሬያለሁ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ አለ፤ ገንዘቡ ወደየማኅበረሰቡ ይሄዳል፤ ለሁሉም ግን አይበቃም። ከ1996 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተገድቦ ቆይቷል። የወጣቱ ቁጥር ግን ይጨምር ነበር። ስለዚህ የማኅበረሰቡ የትምህርት ኃላፊ የጎረቤቶቿን ልጆች ማመልከቻ ይዛ ማን ዘንድሮ ይግባ፣ ማን ይቆይ ብላ ትመርጣለች። ባልደረባዬም ወረፋ ጠብቃለች።

ከዚያ የባሰም ነበር። የ1876ቱ የካናዳ ሕግ፣ ኢንዲያን አክት የሚባለው፣ ከነባር ሕዝቦች ወገን የሆነ ሰው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ከያዘ በሕግ ፊት ከወገኖቹ መዝገብ ይወጣል ይል ነበር። ተማርክ? እንግዲያው ከእነሱ አይደለህም። ይህን ካወቅኩ በኋላ አንዳንድ ሽማግሌዎች ኮሌጅ የሚለውን ቃል ለምን በጥርጣሬ እንደሚሰሙት ገባኝ። እኛ አገር ልጅ ተምሮ ርቆ ሲሄድ እንመርቃለን። እነሱ ዘንድ «ርቆ መማር» ማለት ልጅ ተወስዶ መቅረት ነበር።

የምትማረው የራሷን ቋንቋ ነው። አያቶቿ በዚያው ቤት የተከለከሉትን ክሪ፣ እዚያው ቤት ትማረዋለች። የክሪን ፊደል ዛሬ ናፕኪን ላይ ጻፈችልኝ። አንዱ ቅርጽ ወደ አራት አቅጣጫ ሲዞር አናባቢው ይለወጣል። ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ ትዝ አለኝ። እኔም በ«በ» ጀምሬ እስከ «ቦ» ድረስ ጻፍኩላት። «ዘመዳሞች ናቸው እኮ!» ብላ ሳቀች። የሁለቱ ፊደል አመጣጥ ለየብቻው ነው፤ አሠራራቸው ግን በእርግጥ ይመሳሰላል።

እዚያ ምን የተለየ ድጋፍ እንዳገኘች ጠየቅኳት። ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ማስጠኛ የምትነግረኝ መስሎኝ ነበር። «ማን እንደሆንኩ አላስረዳም» አለች። ሽማግሌዎች ክፍል ውስጥ አብረው ይቀመጣሉ። አንዷ አያቷን ታውቃት ነበር። ስትደክም «የማን ልጅ እንደሆንሽ አትርሺ» ትላታለች። ከተማው ኮሌጅ ውስጥ አማካሪ ነበራት፤ ጥሩ ሴት ነበረች። ግን ባልደረባዬ በየቀጠሮው ማንነቷን ከመጀመሪያው ማስረዳት ነበረባት።

በዚህ ሳምንት ደግሞ አንድ የሳድል ሌክ ሽማግሌ አርፈዋል። ቀብሩ ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ፈተና ነበራት። አልጠየቀችም። መምህሯ ራሷ ደውላ ፈተናው ወደ ሚቀጥለው ሳምንት መዛወሩን ነገረቻት። ክፍሉ በሙሉ ለቅሶ ይሄዳል።

እኔም የሐሙስ ፈረቃዬን ቀይሬያለሁ። ዳቦ ልደፋ ነው።