ባለቤቴ ገቢ ሳይኖራት ታክስ አብረን ፋይል ያደረግንበት መንገድ

አሜሪካ ውስጥ ከባልና ሚስት አንዱ ብቻ ሲሠራ ስህተቱ የሚጀምረው ገና ፎርሙ ሲከፈት ነው፤ ሥራ የሌላት ሚስት ከልጆች ጋር ጥገኛ ተብላ ትጻፋለች። በፌዴራል ታክስ የትዳር ጓደኛ ጥገኛ አይባልም። ዲሴምበር 31 ቀን በሕግ ተጋብታችሁ አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ምርጫችሁ ሁለት ነው፤ በአንድ ፎርም ወይም ለየብቻ።

እኔ ከመወሰኔ በፊት ሁለቱንም በወረቀት አሰላሁ። የ2024 ደመወዝ 60,000 ዶላር ነው እንበል። አብሮ ሲገባ መደበኛው ተቀናሽ (ታክስ የማይታሰብበት የገቢ ክፍል) 29,200 ስለሆነ ታክስ የሚታሰበው በ30,800 ላይ ነው። የመጀመሪያው 23,200 በ10 በመቶ፣ የቀረው 7,600 በ12 በመቶ ሲሰላ 3,232 ዶላር ይመጣል። ለብቻ ሲገባ ግን ተቀናሹ 14,600 ነው፤ የ10 በመቶው እርከንም 11,600 ላይ ያልቃል፤ ታክሱ 5,216 ይሆናል። 1,984 ዶላር በከንቱ መክፈል ማለት ነው። የፎርሙ ሠንጠረዥ ጥቂት ዶላር ከፍ ዝቅ ቢያደርገውም ልዩነቱ ያው ነው።

በኮምፒውተር ስትልኩ ፎርሙ ገቢ በሌለው ሰው መረጃ ምክንያት ተቀባይነት አጥቶ ሊመለስ ይችላል። አንደኛው ስም ነው። የእኛ ሴቶች ሲያገቡ የአባታቸውን ስም አይቀይሩም፤ ፎርሙ ላይ ግን የባል የመጨረሻ ስም ለሚስትም ይጻፍና ከሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥሯ ጋር አይገጥምም። ካርዷን ፊቴ አስቀምጬ ፊደል በፊደል ገለበጥኩ። ሁለተኛው የፊርማ ማረጋገጫው ነው፤ የሁለታችሁንም ያለፈ ዓመት የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢ (በአምናው ታክስ ፎርም ላይ ያለውን AGI) ይጠይቃል። ባለቤታችሁ ባለፈው ዓመት ታክስ ካላስገባች የእሷ ቦታ ላይ 0 ይጻፋል፤ የእናንተን ቁጥር መድገም ፎርሙን ያስመልሳል። አምና አብራችሁ አስገብታችሁ ከሆነ ግን ሙሉው ድምር ለሁለት ሳይካፈል በሁለታችሁም ቦታ ይጻፋል።

ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ይህ ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም፤ ባል ገቢ ደብቆ ቢገኝ ዕዳው አንድ ዶላር ያላገኘችውን ሚስትም ይይዛታል። ስለዚህ ባለቤታችሁ ከመፈረሟ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ታንብብ፤ ቋንቋው ከከበዳት ቁጭ ብሎ ማስረዳት የሚሠራው የትዳር ጓደኛ ግዴታ ይመስለኛል።

ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ጥቅም የጡረታ ቁጠባው ነው። አብራችሁ እስካስገባችሁ ድረስ የአንዳችሁ ደመወዝ በቂ ከሆነ በማትሠራዋ ስም አይአርኤ (የግል የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ) ተከፍቶ ይቆጠብበታል፤ ለ2024 ጣሪያው 7,000፣ ዕድሜዋ 50 ለሞላ ደግሞ 8,000 ዶላር ነበር። ጊዜውም እስከ ተከታዩ ኤፕሪል 15 ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ በተለመደው (ትራዲሽናል) አይአርኤ፣ ማለትም ያስገቡት ከገቢ በሚቀነስበት፣ 7,000 ማስገባት ታክሱን በ840 ዶላር ይቀንሰዋል። ከጃንዋሪ በኋላ ስታስገቡ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ለባንኩ ለይታችሁ ንገሩ፤ ካልተነገረው ለአዲሱ ዓመት ሊመዘግበው ይችላል።

የልጆች መዋያ ክሬዲት (ለልጅ ማዋያ በተከፈለ ወጪ ምክንያት ከታክሱ የሚቀነስ ገንዘብ) ግን አንዱ ወላጅ ምንም ካልሠራ አይገኝም። ባለቤታችሁ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነች ወይም ራሷን መንከባከብ የማትችል ከሆነ ብቻ በእያንዳንዱ ወር ለአንድ ልጅ 250፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ 500 ዶላር እንዳገኘች ተደርጎ ይታሰብላታል።

ባለቤቱ ገና ኢትዮጵያ ያለችበት ሰው ደግሞ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ከሌላት የታክስ መለያ ቁጥር የሚጠየቅበትን የደብልዩ 7 ፎርም ሞልቶ፣ ዋናውን ፓስፖርት ወይም ፓስፖርቱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ያረጋገጠውን ቅጂ ከታክሱ ጋር ይልካል። እንደ ነዋሪ እንድትቆጠር መምረጣችሁን የሚገልጽ፣ ሁለታችሁም የፈረማችሁበት ጽሑፍም አብሮ ይያያዛል። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ የሚከራይ ቤት ካላት ኪራዩም እዚህ ይመዘገባል፤ ይህን ሳይመዝኑ መፈረም አደገኛ ነው።

ፋይል አድርጌ ስጨርስ ለአሠሪዬ አዲስ ደብልዩ 4 (ከደመወዝ የሚቆረጠው ታክስ የሚወሰንበት ፎርም) ሰጠሁ። ደረጃ 1 ላይ ባለትዳር አብሮ አስገቢ የሚለውን ምልክት አደረግሁ፤ ሌላ ሥራ ስለሌለኝም ደረጃ 2 ላይ ያለችውን ሳጥን ባዶ ተውኳት። እሷ ምልክት ከተደረገባት ተቀናሹ በግማሽ ይታሰብና ከየደመወዙ የማይገባ ታክስ ይቆረጣል፤ የሚመለሰውም በሚቀጥለው ዓመት ነው።