50 ኪሎ ፊሌ

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ባሕር ዳር ጣና ሐይቅ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች ወደ አንዷ የአንድ ሆቴል ዕቃ ገዢ መጥቶ በየቀኑ 50 ኪሎ ፊሌ፣ ማለትም አጥንትና ቆዳ የሌለው የዓሣ ሥጋ፣ እንድታቀርብለት ባለቤቷን ጠየቃት። ክፍያው በ15 ቀን አንዴ፣ ዋጋው ደግሞ እስከ ፋሲካ የማይነካ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እንተወውና፣ በሁዳዴ ፈላጊው እንደሚበዛ የሐይቁ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ሴትዮዋ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

በዚያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ አራት ዓይነት ሥራ ነበር። ፊሌ ይወጣል፣ በር ላይ ሙሉ ዓሣ ይጠበሳል፣ ዓሣ እየደረቀ በመተማ መስመር ለሚነግዱ ሰዎች ይሸጣል፣ በቅርቡ ደግሞ የጁስ ማሽን ተገዝቷል። አራቱም ይንቀሳቀሳሉ። የትኛው የትኛውን እየመገበ እንደሆነ ግን ከደብተሩ ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ከአስጋሪ የተገዛው ዓሣ በሙሉ በአንድ መስመር ተጽፎ፣ ሽያጩም ማታ በአንድ ድምር ይዘጋልና። ብዙ ትንንሽ ቤቶች የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው። ብር ሲገባና ሲወጣ ያያሉ፤ ከየትኛው እጅ እንደገባ አያዩም።

ቢላዋውን የሚይዙት በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ወሬውን ከገበታቸው ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ «50 ኪሎ ፊሌ ስንት ኪሎ ዓሣ ይፈልጋል?» ብለው ጠየቁ።

ገዢው ዞር ብሎ፣ «አንተ ሥራህን ሥራ፤ ይሄ የእኔና የእሷ ጉዳይ ነው» አላቸው።

አባቱ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። ያቺ «አንተ» እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ጋሼ መልስ አልሰጡትም። ከሳፋው አንድ ቆሮሶ (ቲላፒያ) አንስተው ሚዛን ላይ አኖሩት፤ 270 ግራም። ቅርፊቱን አልነኩትም፤ ቆዳው ለሚገፈፍ ፊሌ ቅርፊት ማራገፍ ድካም ብቻ ነው። ከራሱ በስተኋላ ሰያፍ ቆርጠው እስከ አከርካሪው ወረዱ፣ ቢላዋውን አዙረው በጀርባው ክንፍ ሥር እስከ ጭራው ሳቡት፣ የጎኑን አጥንት እየታከኩ ሥጋውን ገለጡ። ሆዱን አልበሱትም። ሐሞትና አንጀት ከፈሰሰ ፊሌው ይመራል፣ ቶሎም ይሸታል። ከዚያ ቆዳውን ወደ ታች አድርገው ጭራው ጋ በጣት ይዘው ገፈፉት። ሌላውንም ጎን እንዲሁ። ሁለቱን ቁራጭ ሚዛኑ ላይ አኖሩ፤ 90 ግራም።

«የቀረው 180 ግራም የማነው?» አሉ፣ ወደ እሷ እያዩ።

ባለቤቷ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። እዚያው ቆመን ሠራነው። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ለስሌት እንዲቀል ዓሣው በኪሎ 100 ብር ተገዛ እንበል። ለ50 ኪሎ ፊሌ 150 ኪሎ ዓሣ ያስፈልጋል። በኪሎ አራት ቆሮሶ ከሆነ በቀን 600 ዓሣ ነው። አንዱ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ለአንድ ሰው 20 ሰዓት፣ ስለዚህ ሦስት ሰው ከነቢላዋው። አስጋሪ ደግሞ ዱቤ አያውቅም፤ ገንዘቡን ታንኳው ጋ ይቀበላል። በቀን 15,000 ብር፣ በ15 ቀን 225,000 ብር ከኪሷ ወጥቶ ሆቴሉ ጋ ይቀመጣል ማለት ነው። በረዶው፣ ፌስታሉና የሰው ዋጋው ገና አልተነካም። በዚያ ላይ በጾሙ አጋማሽ የዓሣ ዋጋ ሲወጣ፣ የእሷ መሸጫ አይንቀሳቀስም።

ከዚያ የበር ላዩን ጥብስ ሠራን። በተመሳሳይ ስሌት አንዱ ዓሣ 25 ብር ይገዛል። ዘይት፣ ከሰል፣ ሎሚና አዋዜ 15 ብር ቢፈጅና በ60 ብር ቢሸጥ 20 ብር ይተርፋል፤ በአንድ ኪሎ ዓሣ 80 ብር፣ ያውም ማታውኑ በእጅ። ፊሌው በ390 ብር ቢሸጥ ለሦስት ኪሎ ዓሣ 300 ብር ወጥቶበት፣ በረዶና የሰው ጉልበት 45 ብር ወስዶበት፣ የሚተርፈው 45 ብር ነው፤ በአንድ ኪሎ ዓሣ 15 ብር። እሱም ከሁለት ሳምንት በኋላ።

ዝም አለች። ጥብሱን ከሥራ አትቆጥረውም ነበር። መጥበሻ ፊት መቆም ያሳፍራታል፤ የምትመኘው «አቅራቢ» ተብላ መጠራትን ነው። ይህን ሳያውቁ ስለ ትንሽ ንግድ አቅጣጫ መምከር አይቻልም። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በሚያተርፈው ሥራ ላይ ሳይሆን በሚያስከብረው ላይ ነው።

«ወንድሜ፣ በቀን 15 ኪሎ፣ በእጅ በእጅ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ በእኔ ሚዛን» አለችው ለገዢው። ከንፈሩን መጦ ወጣ፣ ሌላ ቤትም ሄዶ ተዋዋለ።

ያ ውል ሲፈርስ የተጣሉት በውሃ ነው። ታጥቦ ሳይንጠፈጠፍ ፌስታል ውስጥ የገባ ፊሌ ውሃውን ይዞ ይመዘናል። በዚያ ላይ ወፍራም እሽግ ተከምሮ ፍሪዘር ውስጥ ሲገባ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ሥጋው ውስጥ የሚፈጠረው የበረዶ ቅንጣት ትልልቅ ስለሚሆን ሥጋውን ይበጣጥሰዋል፣ ሲሟሟም የገዛ ውሃውን ይለቃል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ሆቴሉ የሚመዝነው ከሟሟ በኋላ ነው፣ ሻጩ የመዘነው በፊት። ሁለቱም ሳይዋሹ ሌባ ተባባሉ። መላው ቀላል ነበር፤ በወንፊት ላይ አሥር ደቂቃ ማንጠፍጠፍ፣ አንድ ኪሎውን በስሱ ዘርግቶ ማሸግ፣ ሳይቆለሉ ማቀዝቀዝ፣ ሚዛኑንም ሁለቱ ወገኖች ባሉበት ማድረግ። ጋሼን «ሥራህን ሥራ» ያላቸው ሰው ይህን ከእሳቸው በነፃ ሊሰማ ይችል ነበር።

እሷ ደግሞ ደብተሩን ቀየረች። አሁን መነሻው ብር ሳይሆን የተገዛው ዓሣ ኪሎ ነው። ከየኪሎው ስንቱ ለጥብስ፣ ስንቱ ለፊሌ፣ ስንቱ ለማድረቂያ እንደሄደ ማታ ይጻፋል፣ አጠገቡም የተረፈው ብርና ገንዘቡ የገባበት ቀን። የደረቀ ዓሣ ራሱን ችሎ ሥራ መሆኑ ቀረ፤ ውሃው ሲወጣ ክብደቱ ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ስለሚወርድ፣ ዓሣ ተርፎ ካላደረ በቀር አይደረቅም። የፊሌው አጥንትና ራስ ለሾርባ በርካሽ ይሸጣል። የጁስ ማሽኑን ሽጪው ብንላት አልሰማችንም፤ ማንጎ በወቅቱ ካልሆነ አይገኝም፣ ዓሣ ሊበላ የመጣ ሰው ጁስ ብዙም አይጠይቅም፣ እሷ ግን አሁንም ተስፋ አላት።

ፋሲካ ሲሆን ሰዉ ወደ ሥጋ ዞረ። 50 ኪሎውን ተቀብላ ቢሆን ኖሮ ሦስቱን ባለ ቢላዋዎች የምታደርጋቸው አልነበራትም።

ደብተሩ የማይመልሰው ጥያቄ የመጣው በፍልሰታ ነው። ነሐሴ ላይ ነጭ ዓሣ የሚባለው (ባርበስ) እንቁላሉን ሊጥል ወደ ሐይቁ ገባር ወንዞች፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ይወጣል፤ በወንዞቹ መግቢያ ላይ ተሰብስቦ ስለሚገኝ መረብ የዘረጋ ሁሉ ያፍሰዋል። በብዛት ስለሚመጣም ይረክሳል። በደብተሩ ዓምዶች ካየነው ከእሱ የተሻለ የሚያተርፍ የለም። ይኸው ዓሣ ግን ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ ሐይቁን ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል፤ አብዛኛው ዝርያው ደግሞ ከጣና ሌላ የትም የለም።

ጋሼ አንዱን ሆዱን ዳሰሱና መለሱት። «እንቁላል የያዘውን አላወጣም» አሉ።

«እኛ ብንተወው ሌላው ይገዛዋል እኮ፣ ጋሼ።»

«ይግዛው። እኔ ቢላዋ አላነሳበትም።»

ለሁለት ቀን ተኳረፉ። በሦስተኛው ቀን ቆሮሶና አምባዛ ብቻ ገዛች፤ የዚያ ወር ትርፍ ከሁሉም ያነሰ ነው። አሁን በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ነጭ ዓሣ እንደማትቀበል ለአስጋሪዎቿ አስቀድማ ትነግራለች። አንዳንዶቹ ተቆጥተው ወደ ሌላ ቤት ሄደዋል።