ላምባና ጠመኔ

ሱሉልታ ውስጥ፣ ከጎጃም መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ የቆርቆሮ ቤት አለ። አሮጌ ማውንቴን ባይክ እየፈለግን የምናድሰው እዚያ ነው። የቤቱም የሥራውም ባለቤት ጋሼ ናቸው። እኔ ከጎሚስታነት ተነስቼ እሳቸው ጋ ከገባሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ከትምህርት ቤት መልስ እየመጣ ሥራ የሚለምድ አንድ ልጅም አለን። አሁን የምነግራችሁ ነገር ነሐሴ ላይ ተጀምሮ ኅዳር ላይ የታየ ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር።

መጀመሪያ ሳይክሎቹ ከየት እንደሚመጡ ልንገራችሁ። አዲስ ጥሩ ማውንቴን ባይክ የመግዛት አቅም የሌለው ሰው ብዙ ነው። አሮጌው ግን በየቦታው ወድቋል። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ዝናብ ሲመታው የከረመ አለ። ልጁ ካደገ በኋላ ደረጃ ሥር የተወሸቀ አለ። ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ብረት ጋር ተከምሮ የሚገኝ አለ። ጋሼ የአካባቢያችንን ቆራሌዎች በሙሉ ያውቋቸዋል። ሳይክል ያገኘ ቆራሌ ብረቱን ወደ ሚዛን ከመውሰዱ በፊት እኛ በር ላይ ቆም ይላል። ከሚዛኑ ትንሽ ጨምረን እንገዛዋለን።

ሁሉም ግን አይገዛም። ጋሼ መጀመሪያ የሚያዩት ኮርቻው የተተከለበትን ዘንግ ነው። ካሊፐራቸውን አውጥተው ውፍረቱን ይለካሉ። 26.8 ወይም 27.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፊታቸው ይፈካል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቱቦው የውጭ ስፋት ያው ሆኖ በውስጡ የሚገባው ዘንግ ከወፈረ፣ የቱቦው ግድግዳ ስስ ነው ማለት ነው። በስስ ግድግዳ የሚሠራ ቱቦ ደግሞ ብረቱ ጠንካራ መሆን አለበት። ክሮሞሊ የሚባለው ነው፤ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የገባበት። ዘንጉ 25.4 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተራና ከባድ ብረት ነው። ቀጥለው ዘንጉን ጨብጠው ያወዛውዙታል። የአሉሚኒየም ዘንግ የብረት ቱቦ ውስጥ ዓመታት እርጥበት እየጠጣ ከቆየ ይጣበቃል። እሱን ማላቀቅ ቀናት ይፈጃል። አንዳንዴም ጭራሽ እምቢ ይላል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር። ሥራ ባስተማሩኝ ሰሞን ጋሼ ደጋግመው የሚነግሩኝ ታሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን፣ ታማልፓይስ በሚባል ተራራ አካባቢ ወጣቶች የተጣሉ ከባድ የድሮ ሳይክሎች እየለቀሙ ያድሱ ነበር። በነሱ የአቧራ መንገድ ቁልቁል ይወርዳሉ። በ1976 ውድድር አደረጉት። መንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ርቀት 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ፍሬናቸው የኋላ ጎማው መሐል ውስጥ ያለ፣ ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ዓይነት ነበር። ታች ሲደርሱ ግራሶው በሙቀት ተቃጥሎ ይጨሳል። ፈትተው አዲስ ግራሶ ይሞሉታል። ውድድሩ ሪፓክ የተባለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ እንደገና መሙላት እንደማለት ነው። ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስተምፕጃምፐር የሚለውን ሳይክል በፋብሪካ በብዛት አሠርቶ ገበያ ያወጣው በ1981 ነው። «ማውንቴን ባይክ ራሱ የተወለደው ከቆራሌ ዕቃ ነው» ይላሉ ጋሼ። እኔ ይሄን ታሪክ እወደዋለሁ። ከሱሉልታ ተነስቶ ጋራውን አልፎ ወደ አዲሱ ገበያ በሳይክል የወረደ ሰው፣ የተቃጠለ ግራሶ ሽታ ምን እንደሚነግረው ያውቃል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ነሐሴ ላይ አንድ ቆራሌ ክሮሞሊ ሳይክል አመጣልን። ፍሬኑ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ መሐል ላይ በአንድ ሽቦ የሚሳበው የድሮው ዓይነት ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ቪ ብሬክ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ስለሆነ፣ ሳይክሉ ከዚያ በፊት የተሠራ ሳይሆን አይቀርም አልን። ዘንጉ 26.8። በዚያው ሳምንት አንድ መምህር መጡ። አዲሱ ገበያ አካባቢ ያስተምራሉ። ጠዋት ጠዋት ቁልቁለቱን በሳይክል ሊወርዱ፣ ማታ ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ ጭነው ሊመለሱ አስበዋል። «ትምህርት ሳይከፈት ይድረስልኝ» አሉ። ጋሼ «ይደርሳል» አሉና ሥራውን ለኔ ሰጡኝ።

ጓጓሁ። እንዲህ ያለ ቴላዮ፣ ማለት የሳይክሉ አጥንት የሆነው ብረት፣ በየቀኑ አይገኝም። ኩሽኔታውን ሁሉ ፈትቼ በናፍጣ አጠብኩ። የፊት ጎማው መሐል 20 ኳስ፣ የኋላው 18 ኳስ፣ አንድ በአንድ ጨርቅ ላይ ደረደርኩ። የተቦረቦሩትን ለውጬ በአዲስ ግራሶ መለስኩ። ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለካሁት። ጤነኛ ሰንሰለት 24 ዘለበቱ 30 ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይሄኛው ተስቦ ከ30 ሴንቲ ከ7 አልፎ ነበር። ጣልኩት። ጎማ ስገዛም ተጠነቀቅኩ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያቃጥላል። ጎማው ላይ 26 የሚል ስላየ ብቻ ይገዛል። 26 በ1.95 የሚለውና 26 በ1 ከ3/8 የሚለው ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው 559 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ የሚገባ ነው፤ ሁለተኛው 590 ነው። ቢገፉት ቢጎትቱት አይሆንም። ስለዚህ ከቁጥሮቹ ሁሉ 559 የሚለውን ፈልጉ።

ከዚያ ቀለም። የድሮውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ እጄ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የታችኛው ቱቦ፣ መሪው ከሚገባበት አጭር ቱቦ ጋር ሊገናኝ ሁለት ጣት ሲቀረው፣ ከሥሩ በኩል ትንሽ ጎበጥ ያለ ነገር አለው። ለዓይን አይታይም። በጣት ግን ይታወቃል፤ ጨርቅ ሲታጠፍ እንደሚሠራት ዓይነት መስመር። ጣቴን ሁለቴ ሦስቴ አመላለስኩበት። ትምህርት ሊከፈት አራት ቀን ቀርቶታል። ጋሼ ለቅሶ ሄደዋል። «ዕቃ ሲጫን ተጋጭቶ ይሆናል» አልኩ ለራሴ። ስቱኮ ቀባሁበት። ሲደርቅ ፈገፈግኩት፣ ለሰለሰ። ላዩ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ነፋሁ። በጣም አማረ። መምህሩ ሲረከቡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጅ ሳሉ ሳይክል ይመኙ እንደነበር ነገሩኝ።

ኅዳር ላይ የፍሬን ጎማ ሊያስለውጡ መጡ። ሁለት ወር ተኩል ያን ቁልቁለት ወርደውበታል። ጎማውን ልጁ ይለውጥ ብዬ እኔ ሌላ ሥራ ያዝኩ። ትንሽ ቆይቶ ጠራኝ።

«ይሄ ጭረት ነው እንዴ?»

ጎንበስ አልኩ። ሰማያዊው ቀለም ላይ ፀጉር የምታክል ቀጭን መስመር አለች። ከመስመሯ ቡናማ የዝገት እንባ ወርዷል። ያችው ቦታ ናት። ሆዴ ቁርጥ አለ። አፌ ደርቆ ልጁን መመለስ አቃተኝ።

ጋሼ መጡና አዩት። ምንም አልተናገሩም። ቀለሙን እዚያች ቦታ ላይ ብቻ እንድፍቅ አዘዙኝ። ስፍቅ ስቱኮው ተቀርፎ ወደቀ። ጋሼ ስቱኮውን ከመሬት አንስተው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን በጥንቃቄ ልንገራችሁ፤ እናንተም ቤታችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ጨርቅ ላምባ ውስጥ ነክረው ቦታውን አርሰው ቀቡት። ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት። ከዚያ ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ወስደው ላዩ እስኪደርቅ ወለወሉት። «ጠመኔ ያስፈልገኛል» አሉ። እኛ ዘንድ የለም። መምህሩ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ከተው ግማሽ ጠመኔ አወጡ።

ጋሼ ጠመኔውን አድቅቀው ቦታው ላይ በጣታቸው በስሱ አለበሱት። አራታችንም ዝም ብለን ቆምን። ነጩ ላይ ቀስ እያለች አንዲት እርጥብ መስመር ወጣች። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ላምባ ነው ወደ ጠመኔው የወጣው። መስመሯ የቱቦውን ሲሶ ያህል ዞራለች።

«ይሄ ሳይክል ድሮ ፊት ለፊት ተጋጭቷል» አሉ ጋሼ። «መሪው ወደ ኋላ ሲገፋ ታችኛው ቱቦ ከሥሩ ይታጠፋል። የታጠፈው ቦታ ደግሞ በኋላ ይሰነጠቃል።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «እጅህ አላወቀውም?»

«አውቆታል ጋሼ» አልኩ። «አውቄ ነው ስቱኮ የቀባሁበት።»

ይሄን መምህሩ ፊት መናገር ከበደኝ። ግን ዝም ብዬ ባልፍ ኖሮ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። መምህሩ አልተቆጡም። ሳይክሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ትናንት ጠዋት ውሻ ገብቶብኝ ፍሬን በኃይል ይዤ ነበር» ብቻ አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንደምንም ላስተካክለው ፈለግኩ። «ይበየድ ጋሼ፣ በራሴ ወጪ አስበይደዋለሁ» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለ ቱቦ ጫፍ ጫፉ ወፈር ይልና መሐሉ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል። የአጥር በር በሚበየድበት ኤሌክትሮድ ቢነኩት ይበሳል። ባይበሳ እንኳ ሙቀት ያገኘው ዳር ዳሩ እንደ ጥንቱ አይሆንም፤ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል። ቱቦውን በሙሉ ቆርጦ በሌላ የሚተካ ባለሙያ ቢኖር ይድን ነበር። «በሰው አንገት ሙከራ አንሠራም» አሉ።

መምህሩ የከፈሉት ገንዘብ ሊመለስላቸው ነበር፤ ሳይክል ነው የምፈልገው አሉ። እኔ ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ግማሽ ቀን ፈልጌ አንድ ቴላዮ አገኘሁ፤ ቀለሙ የተላላጠ፣ ዘንጉ 27.2። በኔ ደሞዝ ገዛሁት። ይዤ ስመጣ ጋሼ ገመድ ሰጡኝ። ገመዱን ከኋላ ጎማው መያዣ ከአንዱ ጎን አስነስቼ፣ በመሪው ቱቦ አዙሬ፣ ወደ ሌላው ጎን መለስኩና ወጠርኩት። ከገመዱ እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለካሁ። እኩል ነው። አልተጣመመም። ከዚያ ባዶውን ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳሰስኩት። ልጁም እንዲዳስሰው ሰጠሁት። መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ላምባና ጠመኔ አየናቸው። ጎማውን፣ ማርሹን፣ ፍሬኑን ከአሮጌው አዛወርን። ፔዳል ስትፈቱ የግራው ብሎን ጥርስ የተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሱ፤ ልጁ እዚያ ላይ ቁልፉን አጥብቆ ታግሎ ነበር።

ቀለም አልቀባንም። መምህሩ ናቸው እንቢ ያሉት። «ብረቱን እያየሁ ልንዳው» አሉ። እንዳይዝግ ግልጽ ቫርኒሽ ብቻ ነፋንበት።

የተሰነጠቀውን ቴላዮ ለቆራሌው ልሰጥ ደጃፍ አውጥቼ ነበር። ጋሼ አስመለሱኝ። «እንዲህ ከሄደ አንዱ ስቱኮ ቀብቶ ይሸጠዋል» አሉ። ሞርሳው ላይ አሰርነውና የብረት መጋዝ ሰጡኝ። ስንጥቁ ባለበት ቆረጥኩት። ሲለያይ ውስጡን አየነው። የስንጥቁ ጠርዝ ግማሹ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ቆይቷል፣ እኔ ስቱኮ ከመቀባቴ በፊት የነበረ ነው። የቀረው አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት። ያ በነዚህ ሁለት ወር ተኩል የሄደው ነው። ልጁ ማስመሪያ አምጥቶ አዲሱን ለካ። 11 ሚሊ ሜትር።

ቁራጩን ቱቦ በሽቦ አስሬ የቀለም መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩት። የስቱኮ ቆርቆሮ ለማንሳት እጅ ሲዘረጋ መጀመሪያ እሱን ይነካል።