«ሊብ» የሚለው ስም ተይዟል፦ የፐርል ሞጁል ከሲ ኮድ ጋር

ሰላም ልጆች። የዘመን አቆጣጠር መቀየሪያዬ ሞጁል ወደ መሆን እየተጠጋ ነው። ስሌቱን የሚሠራው የሲ ላይብረሪ ነው፣ ፐርሉ በኤክስኤስ (ፐርልን ከሲ ኮድ ጋር በሚያገናኘው መንገድ) በኩል ይጠራዋል። ኮምቦልቻ እኔ ጋ ያለችግር ይጫናል። ደሴ ያለው ጓደኛዬ ግን ላይብረሪውን ያስቀመጠው በራሱ ፎልደር ነው፣ ስለዚህ ሜክፋይል ዶት ፒኤልን (ሞጁሉን ለመጫን የሚያዘጋጀውን ስክሪፕት) ሲያስነሳ ቦታውን የሚነግርበት ቫሪያብል ያስፈልገዋል። ሰሞኑን የያዘኝ የዚህ ቫሪያብል ስም ነው።

ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው «ሊብ» ወይም «ፕሪፊክስ» ነው። ሁለቱም ተይዘዋል! ሜክሜከር (ሜክፋይል ዶት ፒኤል የሚጠቀምበት የፐርል መሣሪያ) ሁለቱንም የሚያውቃቸው ሞጁሉ የት ይጫን ለሚለው ነው። ጓደኛዬ በ«ሊብ» የሲውን ፎልደር ቢሰጠው ሊንከሩ (ኮዱን ከላይብረሪው ጋር የሚያያይዘው ፕሮግራም) ስለ ቦታው የሚሰማው ነገር የለም፣ «ሜክ ኢንስቶል» ብሎ ሲጭን ደግሞ የፐርል ፋይሎቹ እዚያው ፎልደር ውስጥ ይራገፋሉ። «ሊብስ» የሚባል ሌላም አለ፣ በአንዲት ፊደል ይለያል፣ ለሊንከሩ የሚነግረው እሱ ነው።

የቆዩት ሞጁሎች መላ አላቸው፤ የላይብረሪውን ስም ከፊት ያስቀድማሉ። ኤክስፓት የሚባለውን ላይብረሪ የሚጠቀመው ኤክስኤምኤል ፓርሰር ኤክስፓትሊብፓዝና ኤክስፓትኢንክፓዝ ይላል፣ ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ዲቢዲ ፒጂ ደግሞ ፖስትግሬስ_ኢንክሉድና ፖስትግሬስ_ሊብ። እኔም «ዘመን_ኢንክሉድ» እና «ዘመን_ሊብ» አልኩ። ለየብቻ ያደረግኳቸው ሄደሩ (የላይብረሪውን ፈንክሽኖች ለኮምፓይለሩ የሚያስተዋውቀው ፋይል) እና ላይብረሪው ሁልጊዜ ጎን ለጎን ስለማይቀመጡ ነው፤ ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ላይብረሪዎቹ የፕሮሰሰሩ ዓይነት በስሙ በተጻፈበት ፎልደር ውስጥ ይገባሉ። የማነባቸውም ከኤንቫይሮንመንት (ከሲስተሙ ቫሪያብሎች) ነው። በትዕዛዙ መስመር ላይ ከተሰጡ ሜክሜከር የማያውቀው ስም ነው ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ሜክሜከር ሳያያቸው ስክሪፕቱ ውስጥ ቀድማችሁ ካላወጣችኋቸው በቀር።

የሄደሩን ቦታ የማስገባው በሜክሜከሩ «ኢንክ» ነው። ሲሲፍላግስ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጡት ፍላጎች ማለትም አማራጮች) ውስጥ አትክተቱት፤ እሱን ስትሰጡ ፐርሉ ራሱ የተሠራባቸውን ፍላጎች ይተካቸዋል፣ ኮምፓይሉ ያልፍና ሞጁሉ ሲጠራ ከፐርሉ ጋር አይጣጣምም ተብሎ ሊወድቅ ይችላል። የግድ ከሆነ ከኮንፊግ (ፐርሉ እንዴት እንደተሠራ ከሚናገረው ሞጁል) የነበረውን አምጥታችሁ የራሳችሁን ከኋላው ቀጥሉበት።

«ሊብስ» ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዝርዝር ውስጥ ሁለት ላይብረሪ ለየብቻ ብትጽፉ አማራጭ ናቸው ብሎ ያስባል፣ የመጀመሪያውን ካገኘ ሁለተኛውን አይፈልግም። ሁለቱም ከተፈለጉ በአንድ ጥቅስ ውስጥ፣ በክፍት ቦታ ለይታችሁ ጻፏቸው። የኔው የሒሳብ ላይብረሪውንም ስለሚፈልግ እንደዚያ ነው የጻፍኩት። ፌዶራ (ሌላ ሊኑክስ) ያለው ሰው ካለ ይሞክርልኝ።