ከ92 አልፎ ያልወጣው ቴርሞሜትር

ደሴ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ውሃ እያፈሉ በየደቂቃው የሙቀቱን መጠን እንዲመዘግቡና ግራፍ እንዲሠሩ ታዘዙ። በየጠረጴዛው ግማሽ ድረስ ውሃ የያዘ ቢከር፣ የአልኮል መብራትና ቴርሞሜትር አሰናዳሁላቸው። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የቢከሩን ወለል ከነካ የሚያነበው የጋለውን ብርጭቆ ሙቀት ስለሆነ፣ ውሃው መሐል እንዲንጠለጠል በክር አሰርኩት።

ውሃው ከታች እስከ ላይ እየተንፎለፎለ፣ እንፋሎቱም መስኮቱን እያላበው፣ ቴርሞሜትሩ ግን 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቆሞ ቀረ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አብዛኞቹም የጻፉትን በላጲስ አጥፍተው፣ መጽሐፉ እንደሚለው 100 ብለው ሞሉ። አንዲት ልጅ ብቻ ያየችውን 92 እየደጋገመች ጽፋ አስረከበች፤ መምህሩም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ ነጥብ ቀነሰባት።

ወረቀቷን ይዛ ወደ እኔ መጣችና፣ «መምህር፣ መሣሪያው ተበላሽቶ ነው?» አለችኝ። «አብሽሪ፣ እንፈትሸዋለን» አልኳት።

ከጭማቂ ቤት በረዶ አስመጥቼ ከደቀቀ በኋላ፣ እየቀለጠ ባለው በረዶ መካከል ቴርሞሜትሩን መምህሩ ራሱ ከተተው። ወርዶ ዜሮ ላይ ረጋ። በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት በቦታ ከፍታ እምብዛም ስለማይለወጥ፣ ይህ ፈተና ደሴም ላይ ያገለግላል። ይሁን እንጂ የታችኛው ምልክት ልክ መሆኑ ብቻውን የላይኛውን አያረጋግጥም ብሎ መምህሩ ተከራከረ፤ ክርክሩም ተገቢ ነበር። ስለዚህ ያንኑ ቴርሞሜትር ይዤ በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ ወረድኩና ዘመድ ቤት ውሃ አፈላሁ፤ 94 አነበብኩ። ተበላሽቶ 92 ላይ የተጣበቀ ቢሆን ኖሮ ቦታ ስለቀየረ ብቻ ሁለት ዲግሪ ባልጨመረ ነበር።

ውሃ የሚፈላው የራሱ የእንፋሎት ግፊት በላዩ ካለው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። 100 ዲግሪ የሚባለው የአየሩ ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ ማለትም በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በየ300 ሜትሩ በግምት አንድ ዲግሪ ስለሚቀንስም 92 የሚጠበቅ ቁጥር ነው። ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሲየስ የሙቀት መለኪያውን በ1742 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ፣ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ አብሮ ገልጿል። መጽሐፉ ላይ የተጻፈው 100 ስሕተት አይደለም፤ የሚጎድለው የት እንደሆነ መናገሩ ነው።

ይህን ለክፍሉ ስናስረዳ ከኮምቦልቻ የመጣች አንዲት ተማሪ እናቷ ደሴ ከገቡ ወዲህ ባቄላ አልበስል እያለ እንዳስቸገራቸው ተናገረች። እሳት ቢጨመር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከ92 እንደማያልፍ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ የግፊት ድስት ግን እንፋሎቱን አምቆ ሙቀቱን ከፍ እንደሚያደርገው የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ግን ላጲሱ ነው። ዓይኑ ያየውን አጥፍቶ የሚጠበቅበትን የሚጽፍ ልጅ ነገ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሕመምተኛ ትኩሳት ሊለካ፣ ወይም የውሃ ጥራት ሊመረምር ይችላል። መምህሩ የልጅቷን ነጥብ መለሰላት፤ 100 የጻፉትንም ሙከራውን እንዲደግሙ አደረገ። በመመዝገቢያ ቅጹ ላይም «የተሠራበት ቦታና ከፍታ» የሚል መስመር ጨመርን፤ በላጲስ ማጥፋት ቀርቶም፣ የተሳሳተ ንባብ በአንድ መስመር ተሰርዞ ከጎኑ አዲሱ እንዲጻፍ ተስማማን።